ሥዕሉ ለምን አይንቀሳቀስም? ስለ «ሞኖኖኬ» አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን ፊልም) ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ ከአኒሜ ሁሉ የሚበልጥ ነው እያለ ‹ሞኖኖኬ› የተባለውን ተከታታይ ፊልም እንዳይ ወተወተኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ማታ ከሥራ ስመለስ በስልኬ አየኋቸው። ሥዕሉ የጨርቅ ጥለት ይመስላል፣ ሰዎቹ እንደ ልብ አይንቀሳቀሱም፣ ታሪኩም ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ አልገባኝም። የገንዘብ እጥረት ነው ወይስ እኔ ነኝ ማየት ያቃተኝ? የሚያዛኪ ፊልም ተከታይ መስሎኝም ነበር። እንዲህ ያለ የመናፍስት ታሪክ አሣሣሉና አተራረኩ በምን ይመዘናል? የ11 ዓመት ልጄ አብራኝ ለማየት ትለምነኛለች። ልቀጥል ወይስ ልተወው?»

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት ስሙ ይጥራ። በ1997 የወጣው የጃፓናዊው አኒሜ አዘጋጅ የሐያዎ ሚያዛኪ «ልዕልት ሞኖኖኬ» እና እርስዎ የጀመሩት ተከታታይ ፊልም ከአንድ ቃል በቀር የሚጋሩት ነገር የለም (በዚህ ምላሽ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህኛው በኬንጂ ናካሙራ አዘጋጅነት በቶዌ አኒሜሽን ተሠርቶ በ2007 ከሐምሌ እስከ መስከረም በፉጂ ቴሌቪዥን የሌሊት መርሐ ግብር የተላለፈ፣ አምስት ራሳቸውን የቻሉ ታሪኮችን በ12 ክፍሎች የያዘ ሥራ ነው። ሥሩን ፈልጎ መሄድ ለሚወድ፣ መነሻው በ2006 የተላለፈው «አያካሺ» የተባለው ባለ 11 ክፍል የአስፈሪ ታሪኮች ስብስብ ነው፤ በዚያ ስብስብ የመጨረሻዎቹ ሦስት ክፍሎች ውስጥ የታየው ስም የለሽ መድኃኒት ሻጭ ተመልካች ስለ ወደደው የራሱ ተከታታይ ተሠራለት።

ቃሉ ራሱ ግን ከሁለቱም ፊልሞች እጅግ ይቀድማል፤ ለፍርዱም ስለሚጠቅም ጥቂት ልቆይበት። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው የጃፓን ቤተ መንግሥት ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሞኖኖኬ ማለት ቂም ቋጥሮ በሰው ላይ የሚያርፍና የሚያሳምም መንፈስ ነው። ቂም ያዡ የሞተ ሰው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በሕይወት ያለች ሴት ቅናት እንኳ ከአካሏ ወጥቶ ተቀናቃኟን ሲያሳምም በዚያ ዘመን ድርሰት ተጽፎ እናገኛለን። ሕክምናውም መንፈሱን በጸሎት ከታማሚው ወደ ሌላ ሰው አሻግሮ፣ በዚያ ሰው አንደበት ስሙንና በደሉን እንዲናገር ማድረግ ነበር። ስለ ዛር የሰማ አንባቢ «ማን ነህ? ምን ትፈልጋለህ?» የሚለውን ጥያቄ ማስታወሱ አይቀርም። ሁለቱን እምነቶች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። መንፈስ ከመባረሩ በፊት ይጠየቃል የሚለው አሳብ ግን ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ተከታታይ ፊልሙም ከጫፍ እስከ ጫፍ የቆመው በዚህ አሳብ ላይ ነው።

ታሪኩ የጠፋብዎትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። መድኃኒት ሻጩ ሰይፍ ይዟል፤ ሰይፉ ግን ሦስት ነገሮች ካልታወቁ ከሰገባው አይወጣም። በጃፓንኛ ካታቺ፣ ማኮቶ እና ኮቶዋሪ ይባላሉ፤ ቅርጽ፣ እውነትና ምክንያት ልንላቸው እንችላለን። ቅርጽ ማለት መንፈሱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ማወቅ ሲሆን፣ እውነት የተፈጸመው ድርጊት፣ ምክንያት ደግሞ ከድርጊቱ በስተ ጀርባ ያለው የሰው ልብ ነው። አንዳንድ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ሦስተኛውን «ጸጸት» ብለው ይተረጉሙታል፤ ይህ ቃሉን ስለሚያጠብበው በዚያ ትርጉም የሚያይ ሰው ያልተጸጸተ ገጸ ባሕርይ ሲያጋጥመው ግራ ይጋባል። አንዱ በተገኘ ቁጥር በሰይፉ እጀታ ላይ ያለው የጋኔን ፊት ጥርሱን ያጋጫል፤ የታሪኩ ሰዓት ቆጣሪ ያ ድምፅ ነው። ከሦስቱ ቀላሉ ቅርጽ ነው፤ ቶሪያማ ሴኪየን የተባለው ሠዓሊ በ1776 መናፍስቱን ከነስማቸውና ከነመልካቸው በመጽሐፍ ማሳተም ስለ ጀመረ፣ የተማረ ሰው አይቶ ይለያቸዋል። ከባዶቹ ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው፤ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ የሚደብቁት ነገር አለና።

ስለዚህ የተመለከቱት የምርመራ መዝገብ እንጂ የውጊያ ታሪክ አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ ምስክሮች ናቸው፣ ምስክሮቹም ይዋሻሉ፤ ትረካው ደግሞ ውሸታቸውን እንደ እውነት አድርጎ በሥዕል ያሳይዎታል። በመጀመሪያው ክፍል የታየው በሁለተኛው ሲፈርስ «አልገባኝም» ማለት የተመልካች ድክመት አይደለም፤ አዘጋጁ ያሰበውም ያንኑ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ግርታ የሚፈቀደው በኋላ ዕዳውን የሚከፍል ከሆነ ብቻ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው። የሰው ምስል በየሰከንዱ እንደ ውኃ ካልፈሰሰ የገንዘብ ወይም የችሎታ ማነስ ነው የሚለው አመለካከት በስፋት የሚሰማ ቢሆንም ስሕተት ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያልፋል። ብዙ ወጪ የሚደረግበት አኒሜሽን አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ይዞ በሰከንድ 12 ሥዕል ያህል ይጠቀማል፤ የጃፓን ቴሌቪዥን አኒሜሽን ደግሞ ከ1963 ጀምሮ አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም፣ ሲብስም ከዚያ በላይ እያቆየ መሥራትን ልማዱ አድርጓል። መነሻው ቁጠባ እንደ ነበር አይካድም። ይሁን እንጂ ቁጠባ ሆኖ የገባው በጎበዝ እጅ የአነጋገር ስልት ሆነ፤ የሚጠየቀውም «ስንት ሥዕል ተሣለ?» ሳይሆን «ከእንቅስቃሴው የተቀነሰው ድካም ወዴት ሄደ?» ነው። በአንድ ደካማ ሥራ ውስጥ የትም አልሄደም፤ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ዳራው ባዶ ነው። በ«ሞኖኖኬ» ውስጥ ግን በየግድግዳው፣ በየልብሱና በየወለሉ ጥለት ላይ ፈስሷል።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የመጣበት ባህል ነው። ሥዕሉ የተቀዳው ኡኪዮ-ኤ ከሚባለው የጃፓን የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ እንጨት ተቀርጾ በወረቀት ላይ ስለሚታተም ጥላና የቀለም መደብዘዝ ብዙም አይገኝበትም፣ ወሰኑ በመስመር የተለየ ጠፍጣፋ ቀለም ይበዛበታል። አዘጋጆቹ በዚህ ላይ የጃፓን እጅ ሠራሽ ወረቀት ሸካራነት በምስሉ ሁሉ ላይ ጨምረውበታል፤ ቴሌቪዥን ሳይሆን የታተመ ወረቀት የሚያዩ እንዲመስልዎት ነው። ገጸ ባሕርያቱ ደግሞ የሚቆሙት ካቡኪ እንደሚባለው የጃፓን ባህላዊ ቴአትር ተዋናዮች ነው። በመድኃኒት ሻጩ ፊት ላይ ያሉት ቀይ መስመሮች የዚያን መድረክ የፊት ቅብ ያስታውሳሉ። በካቡኪ የታሪኩ ከፍተኛ ቅጽበት ሲደርስ ተዋናዩ ዓይኑን አፍጥጦ ቀጥ ይላል፤ ሚኤ ይሉታል፣ አዳራሹ በጭብጨባና በጩኸት የሚናጋውም ያን ጊዜ ነው። እዚያ መቆም ከእንቅስቃሴ ሁሉ ይበልጣል። ይህን ያላወቀ ዓይን «እዚህ ላይ ሥዕሉ ደረቀ» የሚለው ቦታ፣ የሚያውቀው ትንፋሹን የሚይዝበት ቦታ ነው።

ጥላ የሌለው ጠፍጣፋ ሥዕል ያልበሰለ ሥዕል ነው የሚለውን ፍርድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማፍረስ አይከብድም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ በሙሉ ፊቱ በሁለት ዓይኑ ሲያየን፣ ክፉው በጎኑ በአንድ ዓይን ተሥሎ እናገኘዋለን። ያን ሥዕል አይተን «ሠዓሊው ፊት ማዞር አልቻለበትም» የሚል የለም፤ ዓይኖቹን ቆጥረን ማን ማን እንደ ሆነ እንለያለን። ሥዕል እንደ ጽሑፍ የሚነበብበት ልማድ ስላለን፣ ከብዙ ምዕራባዊ ተመልካች ይልቅ ለዚህ ሥራ የቀረብን ይመስለኛል። (ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው በብዛት የሚስማሙት ሥዕል ከመማራቸው በፊት በሰንበት ትምህርት ቤት ያለፉት ናቸው።)

ያዩትን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። የመጀመሪያው ታሪክ ስሙ «ዛሺኪ-ዋራሺ» ነው። በዝናብ ሌሊት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከሚያሳድዳት ሸሽታ ወደ እንግዳ ማረፊያ ትመጣለች፤ ባለቤቲቱ ቦታ የለም ብላ ካንገራገረች በኋላ እንግዳ የማይገባበትን የላይኛውን ክፍል ትሰጣታለች። ክፍሉ ጭር ያለና የጨለመ እንዲሆን እንጠብቃለን፤ እርሱ ግን ከቤቱ ሁሉ የደመቀ፣ ጥለቱ ዓይን የሚያደክም ነው። እርስዎን የከበደዎት ይህ ድምቀት ይመስለኛል። አሁን አንድ ነገር ይጨምሩበት። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን እምነት ዛሺኪ-ዋራሺ በእልፍኝ ውስጥ የሚኖር የሕፃን መንፈስ ነው፤ እርሱ ያለበት ቤት ይበለጽጋል፣ እርሱ የለቀቀው ቤት ይከስራል። ማረፊያው ቀድሞ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት እንደ ነበረ፣ ሴቶቹም ፅንሳቸውን በግድ የሚያስወርዱት በዚያው የላይኛው ክፍል እንደ ነበረ በተከታታዩ ሁለተኛ ክፍል ሲገለጥ፣ የቤቱ ብልጽግና በእርግጥ በሕፃናት መንፈስ የመጣ መሆኑ ይታያል፤ ባህላዊው እምነት ቃል በቃል ተፈጽሟል፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ድምቀቱም ሀብቱ ነው። ሥዕሉ ገና ከመጀመሪያው ወንጀሉን በግድግዳው ላይ ለጥፎ አስቀምጦታል፤ እኛ ጌጥ ብለን አለፍነው።

መመዘኛዬም ከዚህ ይወጣል። ያልተለመደ አሣሣል ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው ያው ጽሑፍ በተለመደው የአኒሜ መልክ ቢሣል የሚጎድለው ውበት ብቻ ነው ወይስ መረጃም ጭምር የሚለውን ነው። ውበት ብቻ ከጎደለ አሣሣሉ ልብስ ነው፤ ያማረ ልብስ ሊሆን ይችላል፣ ግን ይወልቃል። መረጃ ከጎደለ አሣሣሉ ራሱ ተራኪ ነው። በቀጣይ የማየው ሥዕሉ እውነቱ ሲለወጥ አብሮ ይለወጥ እንደ ሆነ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ድምፅ የሚጮህ ጌጥ ብዙ ጊዜ የሚናገረው የለውም። ቅድም ያልኩት የዕዳ ጉዳይ ደግሞ ዳግም በማየት ይለያል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ መጀመሪያ የጨለመው ምስል ከበራ ግርታው ብድር ነበር፤ ተመልሶ ተከፍሏል። ለሁለተኛም ጊዜ ከጨለመ ግን ጥልቅ ነው የሚሉትን ሰዎች አይስሙ፤ ደራሲው አላሰበበትም ማለት ነው።

እነዚህን መመዘኛዎች ከሌላው ሁሉ በላይ የሚያሟላው በ8ኛውና በ9ኛው ክፍል ያለው «ኑዌ» ነው። ኑዌ በድሮ ታሪክ የዝንጀሮ ራስ፣ የነብር እግርና የእባብ ጅራት ያለው ፍጡር ነው፤ ከየት ወገን እንዳዩት ሌላ የሚመስል። በታሪኩ ውስጥ ጥቂት ወንዶች አንዲት ወይዘሮን ለማግባት የዕጣን ሽታ በመለየት ይወዳደራሉ፤ ከወይዘሮዋ በስተ ጀርባ የሚፈልጉት ግን እጅግ የከበረ ጥንታዊ የሽታ እንጨት ነው። (ለዚህ መሠረት የሆነው እውነተኛ እንጨት ራንጃታይ ይባላል፤ በናራ ከተማ በሾሶ-ኢን ግምጃ ቤት ዛሬም ተጠብቆ ይኖራል።) በቀሩት ታሪኮች ቀለም ያጥለቀለቀው ፊልም እዚህ ሲደርስ አመድ ለብሶ ይመጣል፤ ሁሉ ነገር ግራጫ ነው። ከዚያ የዕጣኑ ፍም ይሞቃል፣ አንዱ ተወዳዳሪ ዕቃውን በሁለት እጁ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፤ ሽታው ሲደርሰው ቀለም ይገለጣል። ማሽተት የማይቻልበት ሚዲያ ሽታን በቀለም ተርጉሞ አቀረበ ማለት ነው። በጃፓን የዕጣን ሥርዓት ዕጣን «ይደመጣል» እንጂ «ይሸተታል» አይባልም፤ እኛም «ሽታ ይሰማኛል» የምንልበት ጊዜ አለና አነጋገሩ ብዙ አይርቀንም። ግራጫው ለምን እንደ ተመረጠ የሚታወቀው በመጨረሻ ላይ ነው፤ እርሱን አልነግርዎትም። ይህን ታሪክ በተለመደ አሣሣል መሥራት ግን ፈጽሞ አይቻልም።

የሥራው ድክመት ደግሞ አለ፤ ወንድምዎ ሳይነግርዎት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ክፍል ያለው የባሕር ላይ ታሪክ፣ «ኡሚቦዙ»፣ በጀልባው ውስጥ ያሉትን ሁሉ ስለሚፈሩት ነገር ሲጠይቅ እጅግ ጠንካራ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ምስሉ ሊናገር ይችል የነበረውን ለረጅም ንግግር አሳልፎ ይሰጣል። ሦስቱ መጠይቆች በየታሪኩ ስለሚደጋገሙም፣ አራት ታሪክ ያየ ሰው አምስተኛው እንዴት እንደሚዘጋ መገመት ይጀምራል። የመጨረሻው «ባኬኔኮ» ዘመኑን ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ፣ ቦታውንም ወደ ባቡር ቢያሻግርም ከዚህ ልማድ አላመለጠም። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፦ በአብዛኞቹ ታሪኮች እውነቱ ሲገለጥ የሚገኘው የተበደለች ሴት ሥቃይ ነው። በ«ኖፔራ-ቦ» (6ኛና 7ኛ ክፍል) ይህ በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ ሴቲቱ የተፈረደባት ወህኒና የተዳረችበት ቤት አንዱ በሌላው እየተተካ ልዩነታቸው እስኪጠፋ ድረስ ይሄዳል፣ ተመልካቹም ወንጀለኛዋን ሲፈልግ ቆይቶ ራሷን የቀበረችን ሴት ያገኛል። በሌሎቹ ግን ሥቃዩ የእንቆቅልሽ መልስ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ይህን ያልወደደ ሰው አልተሳሳተም።

ማስጠንቀቂያ የምለው ሁለት ነገር ነው። በስልክ አይዩት። የወረቀቱ ሸካራነት፣ በጥለቱ ውስጥ የተደበቁት ምስሎችና በምስሉ ጥግ የሚፈጸመው ነገር በመዳፍ በሚያዝ መስታወት ላይ ይሟሟሉና የቀረው በእርግጥም የጨርቅ ጥለት ነው፤ ካቀረቡት ቅሬታ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው፣ ሥዕሉ የሞላበትና ንግግሩ የፈጠነ ስለሆነ ሰብታይትል የሚያነብ ዓይን ምስሉን ያጣል። ከሥራ ደክሞ መጥቶ እያንቀላፉ የሚታይ ፊልም አይደለም፤ ወደ ኋላ መልሶ ማየት እንደ ውርደት የሚቆጠርበትም አይደለም።

አማራጮችዎ እንግዲህ ሦስት ናቸው። እንደ ጀመሩት በተራ መቀጠል ይቻላል፤ ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ ንግግር የሚበዛበት የባሕሩ ታሪክ ስለሆነ በአሁኑ ስሜትዎ መሀል ላይ ይተዉታል። ከ2024 ጀምሮ ከወጡት ሲኒማዎች መጀመር ሌላው ነው፤ በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) ቤተ መንግሥት የሴቶች ክልል ውስጥ የሚፈጸመው የመጀመሪያው ፊልም ይበልጥ የታጨቀና አቆራረጡ የፈጠነ በመሆኑ፣ የመድኃኒት ሻጩን አሠራር ላልለመደ ሰው አልመክረውም። እኔ የምለው ሦስተኛውን ነው። ታሪኮቹ ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ ቀጥታ ወደ «ኑዌ» ይለፉ፤ ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ምሽት፣ በቴሌቪዥን ወይም በላፕቶፕ ስክሪን፣ መብራት ቀንሰው ይዩአቸው። በማግስቱ ያልገባዎትን «ዛሺኪ-ዋራሺ»ን ከመጀመሪያው ይድገሙት። የላይኛው ክፍል በር ሲከፈት ግድግዳው ባለፈው ያላዩትን ነገር ካሳየዎት ቀሪውን በተራ ይጨርሱ፣ የ2006ቱንም ሦስት ክፍሎች በመጨረሻ ያክሉባቸው። ምንም ካላሳየዎት ይተዉት፤ ወንድምዎን ለማስደሰት ስምንት ክፍል መቆየት አይገባዎትም።

ልጅዎ ግን አትየው። ሥዕሉ እንደ ተረት መጽሐፍ ስለሚያምር ብዙ ወላጅ ይታለላል፤ በውስጡ ያለው ግን በግድ የሚፈጸም ፅንስ ማስወረድ፣ ዝሙት አዳሪነት፣ በቤተሰብ ውስጥ የሚፈጸም በደልና ግድያ ነው፣ ከነዚህም አብዛኛው በግልጽ ከመታየት ይልቅ በፍንጭ ስለሚነገር ሕፃን ልጅ የምትጠይቅዎ ጥያቄ መልሱ ከፊልሙ ይከብዳል። 16 ወይም 17 ዓመት ሲሞላት አብራችሁ እዩት፤ እስከዚያ በስልክዎ ላይ ካወረዱት ያጥፉት፣ የጀመረችውን የመለመን ጉዳይም ሚያዛኪ ለትንንሽ ልጆች ከሠራቸው ፊልሞች በአንዱ ይመልሱላት፤ ስሙ የተመሳሰለውን የ1997ቱን ግን ለዚህ አይምረጡላት፣ እርሱም ደም አለበት።